የዲኤንኤ ሜቲሌሽንና የቆዳ ካንሰር፦ ዘረመሎች እንዴት ይዘጋሉ፣ እንዴትስ ይከፈታሉ?

የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ማለት ሜቲል የሚባል፣ አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጅን አቶሞችን የያዘ አነስተኛ ኬሚካዊ ቅንጣት በዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። ሂደቱ በራሱ በሽታ አይደለም። በማንኛውም ጤናማ ሰው አካል ውስጥ ያለማቋረጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ጉዳት የሚያስከትለው ምልክቱ መኖር በማይገባው ቦታ ሲበዛ ወይም መኖር ከሚገባው ቦታ ሲጠፋ ነው። በቆዳ ካንሰር ኅዋሳት ውስጥ ሁለቱም በአንድነት ይታያሉ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የቆዳ ካንሰር ምርመራ ውጤት ለደረሳቸው፣ ውጤት ለሚጠባበቁና ሕመምተኛ ለሚያስታምሙ ዜጎች ነው። «የዘረመል ለውጥ» የሚለውን ሐረግ ከሐኪም አንደበት የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፦ ከወላጆቼ የመጣ ነው? ለልጆቼስ ይተላለፋል? ሊስተካከል ይችላል? ለእነዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ምልክቱ በጤናማ ኅዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ ሲለወጥ

ዲኤንኤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በተባሉ አራት ኬሚካዊ ፊደላት የተጻፈ መልእክት ነው። የሰው ልጅ ሙሉ የዘር መልእክት 3 ቢሊዮን ገደማ የፊደል ጥንዶች ሲኖሩት፣ በውስጡ ፕሮቲን ለማምረት መመሪያ የሚሰጡ 20,000 ገደማ ዘረመሎች ይገኛሉ። የቆዳ ኅዋስም ሆነ የጉበት ኅዋስ የሚይዙት መልእክት አንድ ነው። የሚለያዩት ከመልእክቱ ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደሚያነቡና የትኛውን ዘግተው እንደሚተዉ ነው።

በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። ፊደሉ ያው ነው፤ ለውጡ ያለው በንባቡ ላይ ነው። ለዚህም ሲባል አንዳንድ መዛግብተ ቃላት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያኖራሉ። ሜቲል በዲኤንኤ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ነጥብ ጋር ይመሳሰላል። ምልክቱ የሚቀመጠው በአብዛኛው ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ፣ ያውም ከጎኑ ጉዋኒን ሲከተለው ነው። እንዲህ ያለው የሳይቶሲንና የጉዋኒን ጥምረት በሰው ዲኤንኤ ውስጥ በአብዛኛው ተበታትኖና ሳስቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከእነዚህም የሚበዙት ሜቲል የተቀመጠባቸው ናቸው። በብዙ ዘረመሎች መነሻ ላይ ግን ጥምረቱ በአንድ ስፍራ ተሰባስቦ ይገኛል። በእነዚህ መነሻዎች ላይ ደግሞ በጤናማ ኅዋስ ሜቲል እምብዛም አይታይም። መነሻው ነጻ ሲሆን የኅዋሱ ንባብ የሚያካሂዱ ፕሮቲኖች ገብተው ዘረመሉን ያነባሉ።

መነሻው በሜቲል ሲሸፈን ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ አንዳንዶቹ አንባቢ ፕሮቲኖች በዚያ ስፍራ ላይ ማረፍ ይሳናቸዋል። ሁለተኛ፣ ሜቲልን ለይተው የሚያውቁ ሌሎች ፕሮቲኖች በስፍራው ይሰበሰቡና ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ጠበቅ እንዲሉ የሚያደርጉ ኢንዛይሞችን ይጠራሉ። ዘረመሉ ተጠቅልሎ ይዘጋል። መመሪያው አልጠፋም፣ አልተበላሸምም፤ የሚነበብበት መንገድ ግን ተዘግቷል።

ኅዋስ ሲከፈል ይህ አሻራ እንዳይጠፋ የሚያደርግ አንድ ኢንዛይም አለ፤ የአሮጌውን ዲኤንኤ ምልክት እያየ በአዲሱ ቅጂ ላይ ይደግመዋል። አዲስ ምልክት የሚያስቀምጡ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ፤ ቴት በሚል ስም የሚጠሩት ደግሞ ሜቲሉን ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላ ቅርጽ እየለወጡ እንዲነሳ ያደርጋሉ። በመሆኑም ስህተት አንድ ጊዜ ከተፈጠረ ከእናት ኅዋስ ወደ ልጅ ኅዋሳት እየተቀዳ ይቀጥላል። አንድ ሚሊዮን ኅዋሳት ያሉት ዕጢ የአንዲትን ኅዋስ ስህተት በሚሊዮን ቅጂ ይዞ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜቲል የተቀመጠበት ሳይቶሲን በእንስሳት ዲኤንኤ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ ከካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በጉልህ መታየት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዚያ ዓመት አንድሪው ፋይንበርግና በርት ፎግልስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የካንሰር ኅዋሳትን ከዚያው ሰው ጤናማ ኅዋሳት ጋር አነጻጽረው፣ በካንሰሩ ውስጥ ከብዙ ስፍራዎች ሜቲል መጥፋቱን አስታወቁ። በተወሰኑ ዘረመሎች መነሻ ላይ ደግሞ በተቃራኒው እንደሚበዛ የታወቀው ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ነው።

በሜላኖማ ውስጥ የሚዘጉና የሚከፈቱ ዘረመሎች

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ኅዋሳት፣ ማለትም ከሜላኖሳይቶች የሚነሳ የቆዳ ካንሰር ነው። ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ያነሰ ቁጥር ያለው ቢሆንም፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል በፍጥነት የመዛመት ባሕርይ ስላለው አደገኛነቱ ከፍ ያለ ነው።

በዚህ ካንሰር ላይ በተደጋጋሚ ከተጠኑት ዘረመሎች አንዱ ሲዲኬኤን2ኤ ይባላል። ይህ ዘረመል ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን ያስገኛል። የፒ16 ተግባር የኅዋስ ክፍፍልን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ኢንዛይሞችን መግታት ነው፤ እንደ መኪና ፍሬን ሊቆጠር ይችላል። በሜላኖማ ይህ ፍሬን በተለያየ መንገድ ከሥራ ውጭ ይሆናል። በአንዳንዱ ዕጢ ዘረመሉ ተቆርጦ ይጠፋል፣ በሌላው ፊደሉ ይሳሳታል፣ በሌላው ደግሞ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ መነሻው በሜቲል ተሸፍኖ ይዘጋል። ውጤቱ ተመሳሳይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ፍሬኑ የለም፣ ኅዋሱ መከፈሉን ይቀጥላል። ፒቴን የተባለውና የዕድገት ትእዛዝን የሚያበርደው ዘረመልም በአንዳንድ ሜላኖማዎች በዚሁ መንገድ ሲዘጋ ተገኝቷል።

ሌላው አፓፍ-1 ነው። የተጎዳ ኅዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያስችለው ሥርዓት አንዱ አካል ሲሆን፣ ብዙ የካንሰር መድኃኒቶች የሚሠሩት ኅዋሱን ወደዚህ ራስን ማጥፋት በመግፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በተዛመቱ ሜላኖማዎች ውስጥ አፓፍ-1 ብዙውን ጊዜ እንደማይገኝ፣ በላቦራቶሪ ባሉ ኅዋሳት ላይ ሜቲል የሚያስወግድ መድኃኒት ሲጨመር ግን ዘረመሉ ሥራውን ዳግም እንደሚጀምርና ኅዋሳቱ ለመድኃኒት ተገዢ እንደሚሆኑ አሳይቷል። ሜላኖማ ለቀደምት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች እልኸኛ የሆነበትን ምክንያት ከሚያብራሩት ግኝቶች አንዱ ይህ ነው።

የሜቲል መጥፋትም የራሱ መዘዝ አለው። በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ካልሆነ በስተቀር በጤናማ አዋቂ ሰው አካል ተዘግተው የሚኖሩ ማጅ የተባሉ ዘረመሎች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1991 በብራስልስ ከአንድ የሜላኖማ ሕመምተኛ ኅዋሳት ላይ ተለይቶ ታወቀ። በካንሰሩ ውስጥ የሚከፈቱት ዘግቷቸው የነበረው ሜቲል ሲነሳ ነው። የሰውነት መከላከያ እነዚህን ፕሮቲኖች እንደ ባዕድ ሊያይ ስለሚችል በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ክትባት ለመሥራት ብዙ ተደክሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የተደረገው ትልቅ የሜላኖማ ሙከራ ግን የተጠበቀውን ውጤት አላስገኘም። በላቦራቶሪ ያማረ ግኝት ሁሉ መድኃኒት እንደማይሆን ለማስታወስ ይህን መጥቀሱ አግባብ ነው።

ቴት ኢንዛይሞች ሜቲልን በሚያስነሱበት ጊዜ ሃይድሮክሲሜቲል የተባለ መካከለኛ ምልክት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ይህ ምልክት ጉዳት በሌለው ጥቁር ነጥብ፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ማርያም የሳመችው» በምንለው ዓይነት ምልክት ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ፣ በሜላኖማ ውስጥ ግን እንደሚጠፋ አረጋግጧል። ተመራማሪዎቹ ከኢንዛይሞቹ አንዱን ወደ ሜላኖማ ኅዋሳት መልሰው ሲያስገቡ በእንስሳት ላይ የዕጢው ዕድገት ቀንሷል። ይህ ግኝት አጠራጣሪ ናሙናዎችን ለመለየት በረዳትነት ሊያገለግል እንደሚችል ታምኖበት ጥናቱ ቀጥሏል።

የፀሐይ ጨረርና ምልክቱ

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሜቲል ያለበት ሳይቶሲን ደግሞ ሜቲል ከሌለበት ይልቅ ለፀሐይ ብርሃን ጉዳት የተጋለጠ ነው። ከዚህም በላይ ሜቲል ያለበት ሳይቶሲን በኬሚካዊ ለውጥ ወደ ታይሚን የመለወጥ ዝንባሌ አለው። ታይሚን የዲኤንኤ መደበኛ ፊደል በመሆኑ የኅዋሱ የጥገና ሥርዓት ስህተቱን ለይቶ ለማረም ይቸገራል። ፒ53 በተባለው የኅዋስ ጠባቂ ዘረመል ላይ በቆዳ ካንሰር ከሚገኙት ስህተቶች በርካታዎቹ በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች ላይ የወደቁ ናቸው። ስለዚህ ሜቲል ንባብን መዝጋት ብቻ ሳይሆን፣ ፊደሉ ራሱ የሚሳሳትበትን ቦታም ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ካንሰር የሌለበትን ቆዳ መርምሮ፣ ለረጅም ዘመን ለፀሐይ በተጋለጠ የአረጋውያን ቆዳ ውስጥ ሰፋፊ የዲኤንኤ ክፍሎች ሜቲላቸውን እንዳጡ አሳይቷል። እነዚሁ ክፍሎች ስኩዌመስ በተባለው የቆዳ ካንሰር ውስጥም ሜቲላቸውን ያጡ ሆነው ተገኝተዋል። ለውጡ ዕጢው ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል ማለት ነው።

በከፍታ 1,000 ሜትር ሲወጣ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ከመሆኗም በላይ አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ጨረሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጥቁር ቆዳ በውስጡ ያለው ሜላኒን ከፍተኛ ጥበቃ ያደርግለታል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ግን ይህ ጥበቃ የላቸውም፤ ስኩዌመስ ካንሰር ገና በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል። ለእነርሱ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጃንጥላና የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ ጌጥ የሚታዩ ሳይሆኑ የዕለት ተዕለት ሕክምና ናቸው። ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቹን በሰልፍና በስፖርት ሰዓት ከፀሐይ እንዲርቁ መፍቀድ ይገባቸዋል።

ፀሐይ የማይደርስበት ሜላኖማ

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሚከሰቱ ሜላኖማዎች አመዛኙ የሚገኘው በእግር መርገጫ፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት አነስተኛ ሲሆን፣ የዲኤንኤ ስህተቱ ዓይነትም ይለያል። የሬጌው አቀንቃኝ ቦብ ማርሊ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተገኘበት እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያን ጎብኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ ከእግር ኳስ ጨዋታ የመጣ ተደርጎ ታስቦ ነበር።

በአገራችንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የእግር መርገጫ ላይ የወጣ ጥቁር ነገር «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ የጥፍር መጥቆር ደግሞ «ጫማ ጨቁኖኝ ነው» እየተባለ ይታለፋል። በብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ቀጭን ጥቁር መስመር በጥቁር ሰዎች ዘንድ የተለመደና በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የሚዘልቅ ወይም ጥፍሩን የሚሰነጥቅ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። በመርገጫ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ቅርጹ ሲዛባ፣ ቀለሙ ሲዥጎረጎር፣ ሲሰፋ ወይም ሲደማም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ላይ ዳግም የወጣ ወይም ለዓመታት ሳይድን የቆየ ቁስል ወደ ስኩዌመስ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጠርዙ ካበጠ ወይም ሽታው ከተለወጠ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር በምላጭ መቁረጥ፣ በአሲድ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማከም ምርመራውን የሚያዘገይና የሚያዛባ ስለሆነ አይመከርም።

ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ

በዕጢ ውስጥ የሚገኘው የሜቲል ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም፤ በሕይወት ዘመን በቆዳ ኅዋሳት ውስጥ የተፈጠረ ነው። ለልጆችም አይተላለፍም፤ ልጅ የሚፈጠረው ከዘር ኅዋሳት እንጂ ከቆዳ ኅዋሳት አይደለምና። ከዚህ የሚለየው ሲዲኬኤን2ኤን በመሳሰሉ ዘረመሎች ላይ የፊደል ስህተት የወረሱ ጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ ነው። ከአንድ በላይ የቅርብ ዘመድ በሜላኖማ የታመመበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ሜቲል ከፊደል ስህተት በተለየ ሊነሳ የሚችል ምልክት ነው። አዛሲቲዲንና ዴሲታቢን የተባሉት መድኃኒቶች ይህንኑ የሚያደርጉ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2006 የተፈቀዱት ግን ለደም አምራች መቅኒ በሽታ ነው። ለቆዳ ካንሰር መደበኛ ሕክምና አይደሉም። መድኃኒቶቹ የሚዘጋውንና ሊዘጋ የሚገባውን ዘረመል ለይተው አያውቁም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የቆዳ ካንሰር ቀዳሚ ሕክምና ዛሬም ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በጊዜ የተገኘ ዕጢ በዚሁ ሊድን ይችላል። እንደ ዓይነቱና እንደ ደረጃው የጨረር ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁና በተወሰነ የዘረመል ስህተት ላይ የሚያነጣጥሩ መድኃኒቶች ይታከላሉ።

«ዲኤንኤን ያስተካክላል» ወይም «ሜቲልን ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል፣ ሻይ ወይም ቅባት የቆዳ ካንሰርን እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ገንዘብ ከማባከኑ ይበልጥ የሚያሳስበው የሚያባክነው ጊዜ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ለነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ተቋም የሚሰጠውን ፎሊክ አሲድ አይመለከትም፤ እርሱ የጽንሱን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጤና ለመጠበቅ የሚሰጥ ስለሆነ መቋረጥ የለበትም።

ምርመራውና ናሙናው

የቆዳ ካንሰር የሚረጋገጠው ከቆዳው ላይ በተወሰደ ናሙና፣ በፓቶሎጂ ባለሙያ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ነው። የሜቲሌሽን ምርመራ የሚሠራው ዲኤንኤውን ባይሰልፋይት በተባለ ኬሚካል በማከም ነው፤ ኬሚካሉ ሜቲል የሌለበትን ሳይቶሲን ይለውጠዋል፣ ሜቲል ያለበትን ግን ይተወዋል፤ ልዩነቱም በኋላ ይነበባል። ለቆዳ ካንሰር ይህ በአብዛኛው የምርምር መሣሪያ እንጂ ሕክምና ለመጀመር የሚጠየቅ ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ተገልጋዮች ይህን ምርመራ ፍለጋ ሕክምናቸውን ማዘግየት አይኖርባቸውም።

ምልክት ያየ ሰው በመጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይቀርባል፤ ናሙና መውሰድ ወደሚችል ሆስፒታል የሚላከውም ከዚያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። በምርመራው ጊዜ ጫማንና ካልሲን ማውለቅ፣ የጥፍር ቀለምና ሂና ካለ አስቀድሞ ማስለቀቅ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ መርገጫዎን ማሳየት ተገቢ ነው።

ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሲላክ አንዳንድ ጊዜ ቤተሰብ ይዞት እንዲሄድ ይደረጋል። ዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን ነው፤ ኅዋሱም ሆነ ዲኤንኤው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ክዳኑን መክፈት፣ ፈሳሹን በውኃ ወይም በአልኮል መተካት፣ ናሙናውን በበረዶ ማቀዝቀዝ አይፈቀድም። ስምና የተወሰደበት የሰውነት ክፍል በዕቃው ላይ መጻፉን ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ በዚያው ቀን ማድረስ ይመረጣል፣ ፈሳሹ ቢፈስም ለተቀባዩ ባለሙያ ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል።

ከምርመራው በኋላ ናሙናው በሰም ውስጥ ተቀብሮ በላቦራቶሪው ይቀመጣል። ሕክምናዎ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢዛወር የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ይህን የሰም ናሙናና የተዘጋጁትን መስተዋቶች ለመዋስ ማመልከት ይችላሉ፤ አዲሱ ሐኪም ተጨማሪ የዘረመል ምርመራ ቢያስፈልገው ዳግመኛ ቆዳዎ ሳይቆረጥ ከዚያው ሊሠራ ይችላል። ማመልከቻው ላይ የላቦራቶሪውን የናሙና ቁጥር መጥቀስ ፍለጋውን ያቀልላል፤ ቁጥሩም በውጤቱ ወረቀት ላይ ይገኛል።